የመስከረም የጽጌረዳ ኮክቴል፦ ሽታውን ሳያጡ በቤት ማዘጋጀት

በአበባ የሚዘጋጅ መጠጥ ዋጋው ሽታው ላይ ነው። ቀለሙ ያምራል፣ ጣዕሙም ደስ ይላል፤ ነገር ግን ብርጭቆው ወደ አፍ ሲቀርብ አፍንጫ አበባውን ካላገኘው የተጠጣው ስኳርና ሎሚ የገባበት ጂን ብቻ ነው። ይህ ሽታ ደግሞ እጅግ በቀላሉ ይጠፋል። እሳት ይገድለዋል፣ ኃይለኛ ማር ይውጠዋል፣ የሎሚ ብዛት ይጫነዋል፣ ብርድ ሲበዛም ይተኛል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ያንን ሽታ ከጓሮ እስከ ብርጭቆ ድረስ እንዴት እንደምጠብቀው ነው።

የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ክረምቱ ብርድና ጭቃ ነው። መስከረም ሲጠባ ግን ሜዳው በአደይ አበባና በመች ቢጫ ይለብሳል፤ ዝናብ ሲደበድባት የከረመችው የአጥር ጽጌረዳም ትፈነዳለች። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል፣ ከዚያም በጥቅምት፣ ቤታችን እንግዳ አያጣም። ለእንግዳ ቢራና ለስላሳ በሳጥን ማስመጣት ይቻላል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚቀርበውም ያው ነው። እኔ የፈለግሁት ወቅቱን የሚመስል፣ ከሌላ ወር ጋር የማይምታታ መጠጥ ነበር። ጂን፣ ማርና ሎሚ አንድ ላይ የሚገቡበት ኮክቴል በዓለም ላይ ከታወቀ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ በአውሮፓና በአሜሪካ ይጠጣ ነበር። ማርና ሎሚ በእኛ ቤት ስለማይጠፉ መነሻዬ እርሱ ሆነ፤ የጨመርሁበት የጓሮዬን ጽጌረዳ ነው።

ከሁሉ በፊት አበባው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት። ይህን ነጥብ በጣም አጠብቀዋለሁ። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሱሉልታ፣ በሆለታ፣ በሰበታና በቢሾፍቱ አካባቢ የጽጌረዳ እርሻዎች አሉ። ኢትዮጵያ አበባ ወደ ውጭ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠቀስ አገር ናት። ከእነዚህ እርሻዎች የሚወጣው ጽጌረዳ በየመንገዱ ዳር በእቅፍ ይሸጣል፤ ዋጋውም ስለማይከብድ ለመጠጥ መግዛት ያጓጓል። ነገር ግን ያ አበባ የተመረተው ለአበባ ማስቀመጫ እንጂ ለአፍ አይደለም። ተባይና ሻጋታ እንዳያጠቃው በፀረ ተባይ ኬሚካል ይረጫል፤ ለምግብ የሚሆን ሰብል የሚያልፍበት ቁጥጥርም አይመለከተውም። ማጠብም አያድነውም፤ ከኬሚካሉ የተወሰነው ወደ አበባው ውስጥ ይገባልና። በዚያ ላይ እነዚህ ዝርያዎች የተመረጡት ረጅም ጉዞ ችለው ብዙ ቀን ሳይረግፉ እንዲቆዩ ስለሆነ አብዛኞቹ ሽታ የላቸውም። ስለዚህ ከአበባ ሻጭ የተገዛ ጽጌረዳ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ ወደ መጠጡ አይግባ።

የምጠቀመው በራሴ ግቢ ያለችውን፣ ምንም መድኃኒት ነክቷት የማያውቅ ሮዝ ቀለም ያላት ጽጌረዳ ነው። ግቢ የሌለው ሰው ከሚያውቀው ጎረቤት ይለምን፤ «መድኃኒት ረጭተሽባታል ወይ?» ብሎ መጠየቅን ግን አይርሳ። በእኛ ሰፈር አትክልት የሚያለሙ ሰዎች ስላሉ ከእርሻቸው አጥር የተጠጋውን ቁጥቋጦ አልነካም፤ ነፋስ ርጭቱን ይዞት ይመጣል። አቧራ የጠጣ የመንገድ ዳር አበባም እንዲሁ ይቅር። ሌላው መለኪያ አፍንጫ ነው። የአበባዋን ቅጠል በጣቶቻችሁ መካከል አሽታችሁ አሽትቷት፤ በእጅ ላይ ያልሸተተች ጽጌረዳ በብርጭቆ ውስጥ ልትሸት አትችልም።

አበባ ሁሉ እንደማይበላም ማወቅ ያስፈልጋል። በየግቢው ለጌጥ የሚተከለውና ትልልቅ የጡሩምባ ቅርጽ ያለው አበባ ወደ ታች የሚያንጠለጥለው ዛፍ መርዝ ነው። በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው አስተናግር የዚያው ዘመድ ነው። በመንገድ ዳር በሮዝና በነጭ አበባው የምናውቀው ኦሊያንደር ደግሞ ልብን የሚጎዳ መርዝ አለው፤ ብርጭቆ ለማስጌጥ እንኳ አይሆንም። አደይ አበባንም ለመጠጥ አልጠቀምም። የመስከረም ነገር ሲነሳ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እርሱን ነው፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ቦታው ትሪው ዙሪያ ነው።

ስለ ቀጋ አንድ ነገር ልበል። በእንጦጦ ዳገት ላይና በእኛም ሜዳ ዳር ዳር እሾሃማው ቀጋ ይበቅላል። ሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል፤ የዚሁ የአገራችን ተወላጅ የሆነ ጽጌረዳ ነው። ቀይ ፍሬውን በልጅነታችን ለቅመን ያልበላን ጥቂቶች ነን። ነጭ አበባው ለስለስ ያለ ሽታ አለው፤ ቅጠሎቹ ግን አምስት ብቻ ስለሆኑ አንድ እፍኝ ለመሙላት ብዙ አበባ ማራገፍ ያስፈልጋል፤ የተራገፈው ሁሉ ደግሞ ፍሬ ሊሆን የነበረ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ጥቂት ብቻ እወስድና ከጓሮው ጽጌረዳ ጋር እቀላቅለዋለሁ። ቀለም አይጨምርም፤ ሽታውን ግን ያለሰልሰዋል።

መልቀሚያው ሰዓት ጠዋት ነው፤ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ። እኩለ ቀን ላይ የተለቀመ አበባ ከሽታው ብዙውን ለአየሩ ሰጥቶ ጨርሷል። ገና የተከፈቱትን እመርጣለሁ፤ ለመርገፍ የደረሱትን እተዋለሁ። ቅጠሎቹን ነቅዬ ከሥራቸው ያለውን ነጩን ጫፍ በመቀስ እቆርጠዋለሁ፤ መራራ ነውና። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አሰጣቸዋለሁ። ጉንዳንና ትንንሽ ነፍሳት በዚህ ጊዜ ይወጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ብዙ ሰው የአበባ ሽሮፕ ሲሠራ አበባውን ከስኳርና ከውሃ ጋር ያፈላዋል። ሲፈላ ቤቱ በሙሉ ይሸታል፤ ቤቱ ሸተተ ማለት ግን ሽታው ከድስቱ ወጥቷል ማለት ነው። እኔ እሳት አላስነካውም። ሁለት እፍኝ ሙሉ ቅጠል በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጬ 200 ግራም ስኳር አፈስበታለሁ፤ ከዚያ ቅጠሉ እስኪሟሽሽና ስኳሩ ሮዝ እስኪሆን ድረስ በእጄ አሸዋለሁ። ስኳር ከቅጠሉ ውስጥ እርጥበቱን ስቦ ያወጣዋል፤ ሽታውም አብሮት ይወጣል። ሳህኑን ከድኜ አሳድረዋለሁ። የሱሉልታ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ ሞቃት ቦታ ያላችሁ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ላይ ስኳሩ ረጥቦ ወፍራም ቀይ ፈሳሽ ያቀረዋል። ፈልቶ ለብ እስኪል የቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ማለትም 200 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ጨምሬ ስኳሩ እስኪሟሟ አማስላለሁ። ከዚያ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ እጨምራለሁ። በዚህ ቅጽበት የሚሆነውን ልጆች ሁሉ ቢያዩት እወዳለሁ፦ የደበዘዘው ፈሳሽ በአንዴ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። የጽጌረዳ ቀለም ጎምዛዛ ሲያገኝ ይቀላል፤ ጎምዛዛው ሲቀንስ ወደ ሐምራዊና ወደ አመድማ ይሄዳል። በመጨረሻ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ አጥልዬ፣ ጨርቁን በደንብ ጨምቄ በጠርሙስ አስቀምጠዋለሁ።

ውሃው መፍላት አለበት ያልሁት ለሽሮፑ ብቻ አይደለም፤ ለበረዶውም ነው። በከተማው ዳርቻ የብዙዎቻችን ውሃ ከጉድጓድ ወይም በቦቴ የሚመጣ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ስለሆነ መንተክተክ እንደጀመረ ከማውረድ ጥቂት ደቂቃ ማቆየቱን እመርጣለሁ። ከዚያ አቀዝቅዤ በረዶ እሠራለሁ።

ማሩ ላይ ጠንቃቃ ነኝ። በደጋው ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ በመስከረም እጅ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ያለፈው ማር ነው። የባሕር ዛፍ ማር ሽታው ኃይለኛ ነው፤ ለብቻው ደስ ይላል፣ ጽጌረዳን ግን ድራሹን ያጠፋዋል። ለዚህ መጠጥ የሚሆነው ነጭ ወይም ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ ሽታው ለስላሳ ማር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር በአንድ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ እበጠብጣለሁ፤ ውሃው ጣት የሚያቃጥል ከሆነ ለማሩ ሽታም ከባድ ነው። ያልተጣራ ማር ከሆነ ሰፈፉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ በጨርቅ ማጥለል ይበቃል።

ስለ አልኮሉ። ጂን የምመርጠው ራሱ ከዕፅዋት የሚወጣ ሽታ ስላለው ከአበባ ጋር ስለሚስማማ ነው። በአገር ውስጥ የሚመረተው ጂን ለዚህ በቂ ነው፤ ውድ የውጭ ጂን ገዝቶ ስኳርና ሎሚ ማልበስ አይታየኝም። ኡዞ አይሆንም፤ አኒሱ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። የጂን ዋና ሽታ የጥድ ፍሬ መሆኑን የሰማ አንድ ወዳጄ ከእንጦጦ የጥድ ፍሬ ለቅመን እንጨምር ብሎኝ ነበር። የእኛ ጥድ ለጂን ከሚውለው ጋር ዘመድ ነው እንጂ ያው አይደለም፤ ስለዚህ በዛፉ ላይ ይቆይ አልሁት። ምንጩ የማይታወቅ፣ ምልክት በሌለው ፕላስቲክ የሚመጣ አረቄን ደግሞ በፍጹም አታስገቡ። በአግባቡ ባልተመረተ መጠጥ ውስጥ ሜታኖል ሊኖር ይችላል፤ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ሰውም ይገድላል፤ በማሽተትም ሆነ በመቅመስ አይለይም።

ለአንድ ሰው የምጠቀመው ልክ ይህ ነው፦ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጂን፣ አንድ ማንኪያ የጽጌረዳ ሽሮፕ፣ ግማሽ ማንኪያ የተበጠበጠ ማር፣ አንድ ማንኪያ ተኩል አሁን የተጨመቀ ሎሚ። የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። የኮክቴል መምቻ ከሌለ ክዳኑ የሚጠብቅ የኦቾሎኒ ቅቤ ብልቃጥ ይሠራል፤ በደንብ ታጥቦ ሽታው መልቀቁን ግን አረጋግጡ። በረዶ ጨምራችሁ ብልቃጡ በእጃችሁ ላይ እስኪበርድ፣ 15 ሰከንድ ያህል፣ በኃይል ናጡት። ከዚያ በረዶውን አስቀርታችሁ ቅዱት። በላዩ ላይ ጥቂት ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ይጨመርበታል።

አምቦ ውሃን በተመለከተ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። አምቦ በተፈጥሮው ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ ነው፤ ባይካርቦኔት ደግሞ ጎምዛዛን ያበርዳል። ስለዚህ ብዙ ከጨመራችሁ የሎሚው ጉምዛዜ ይቀንሳል፣ ያ ያማረው ሮዝ ቀለምም ይደበዝዛል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አራት ማንኪያ ያህል ብቻ መጨመር፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ካለ ጥቂት ጠብታ ሎሚ ማከል። ቀለሙ ወዲያው ይመለሳል። የአረፋው ጥቅም ለዓይን ብቻ አይደለም፤ እየፈነዳ ሽታውን ወደ አፍንጫ ያነሣዋል። ለዚህ ሲባል ጠርሙሱ የሚከፈተው በመጨረሻ፣ እንግዳው ፊት ነው።

የማቀርበው በብርሌ ነው። ብርሌ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ የመጠጡ ሽታ ወዲያው አይበተንም፤ ሰው ሊጠጣ ሲያነሣው ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። በረዶ ስለማያስገባ መጠጡ ቀድሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ ይህም ጥሩ ነው፣ መጠጡ በሚቀልጥ በረዶ አይቀጥንም። በሱሉልታ ማታ ላይ በረዶ የሞላበት ብርጭቆ ይዞ መቀመጥም ደስታ የለውም።

የሽሮፑን ልክ የወሰንሁት ከጎረቤታችን ጋር ነው። እኚህ እናት ጠጅ በመጣል በሰፈሩ የታወቁ ናቸው፣ ምላሳቸው አይሳሳትም። በሁለት ብርሌ፣ በአንዱ አንድ ማንኪያ በሌላው ሁለት ማንኪያ ሽሮፕ አድርጌ አቀረብሁላቸው።

«እስቲ ይቅመሱልኝ፣ እትዬ። የትኛው ይሻላል?»

የመጀመሪያውን ቀምሰው ዝም አሉ። ሁለተኛውን ገና ሳይቀምሱት ከአፍንጫቸው አራቁት። «ልጄ፣ ይኼኛው ሳሙና ሳሙና ይላል። ያኛውን ቅጂልኝ።»

ትክክል ናቸው። ጽጌረዳ ከልኩ ሲያልፍ አፍ ውስጥ ሽቶ ይሆናል። ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲያሸት «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት መጠን ላይ መቆም ይሻላል። ከዚያ በኋላ እርሳቸው ራሳቸው ሌላ ነገር አሳዩኝ፦ ከማርና ከጂን ፋንታ ያልጣፈጠ፣ በደንብ የበሰለ ጠጅ ግማሽ ብርሌ፣ አንድ ማንኪያ የጽጌረዳ ሽሮፕና ጥቂት ሎሚ። የጌሾው ምሬት ጽጌረዳውን ደርዝ ያስይዘዋል። አሁን ለትልልቅ ሰዎች የማቀርበው ይህንን ነው፤ አልኮሉም ከጂን የቀለለ ስለሆነ ለረጅም ጨዋታ ይስማማል።

አልኮል ለማይቀምሱ እንግዶች ብርዝ አዘጋጃለሁ፤ ይህን እንደ ተረፈ ነገር ሳይሆን በእኩል ክብር ነው የማየው፤ በእኔ ግምት ጽጌረዳው ከሁሉ ይልቅ የሚጎላውም በዚህ ውስጥ ነው። አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ለብ ያለ ውሃ ተበጥብጦ ይቀዘቅዛል፤ በእያንዳንዱ ብርሌ አንድ ማንኪያ ሽሮፕና አንድ ማንኪያ ሎሚ ይገባል፤ አምቦ ይጨመርበታል። ብርዙ የዕለቱ ይሁን። በውሃ የተበጠበጠ ማር ሲያድር መፍላት ስለሚጀምር አልኮል ለማይነካ ሰው ያደረ ብርዝ ማቅረብ ተገቢ አይደለም። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ያለበት ነገር በጠብታም አይሰጥ፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ባክቴሪያ ሕፃናትን ክፉኛ ያሳምማል። የአልኮሉ መጠጥ ቀለሙ ልጆችን ስለሚስብ በተለየ ትሪ ይቅረብ። ሕጉም ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ከእኛ ሰፈር ወደ ከተማ የሚወስደው የእንጦጦ ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፤ መኪና ይዞ ለመጣ እንግዳ የምሰጠው ብርዙን ብቻ ነው፣ ቢለምነኝም።

ጽጌረዳ ጨርሶ የማያገኝ ሰው ከመርካቶ ቅመም ተራ ከርከዴ ይግዛ። ከርከዴ አበባው ከረገፈ በኋላ የሚቀረው ቀይ ሽፋን ነው። አንድ እፍኝ በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ አጥልሎም በእኩል ክብደት ስኳር ማሟሟት ነው። ራሱ ጎምዛዛ ስለሆነ ሎሚው በግማሽ ይቀነስ። ቀለሙ ግሩም ነው፤ የአበባ ሽታ ግን የለውም። ለዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ የጽጌረዳ ውሃ ማከል ይቻላል፤ ጠርሙሱ ላይ ለምግብ የሚሆን መሆኑ የተጻፈበትን ምረጡ፣ ለፊት ቅባት የተዘጋጀም በገበያ ላይ አለና።

የጽጌረዳው ሽሮፕ በማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። በዳርቻው ሰፈር መብራት ሲጠፋ ረዘም ስለሚል ግን እኔ ለማቆየት የማስበውን ስኳሩን እጥፍ አድርጌ ነው የምሠራው፤ ስኳር ሲበዛ ሻጋታ በቀላሉ አይደፍረውም። እንደዚያ ሲሆን በመጠጡ ውስጥ የሚገባው መጠን በአንድ ሦስተኛ ይቀነሳል። አረፋ ካወጣ ወይም ሽታው ከተለወጠ ይደፋ።

በኅዳር ውርጭ ሲመጣ ጽጌረዳዋን ስለሚያቃጥላት የጥቅምት መጨረሻዎቹን አበቦች ለቅሜ በጥላ ሥር፣ በወንፊት ላይ አደርቃቸዋለሁ። ፀሐይ ላይ የደረቀ ቀለሙም ሽታውም ይሄዳል። የደረቀው ቅጠል እርጥበት ስለሌለው በስኳር ማሸት አይሠራለትም፤ ለእርሱ ስኳሩንና ውሃውን ብቻ አፍልቶ ካወረዱ በኋላ አምስት ደቂቃ አስተንፍሶ፣ ቅጠሉን መጨመርና ከድኖ 15 ደቂቃ ማቆየት ነው። መጠኑም ከእርጥቡ ግማሽ ይበቃል።